በቴሌግራም የክፍል ቡድን ላይ የፖሊሲ ውይይት፦ ተማሪው እንዲናገር ምን ይሠራል?

ሰሌዳ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም መምህራን። ይህ ክር ለአንደኛ ዓመት የሥነ ምግባርና ሥነ ዜጋ ኮርስ፣ ለኢኮኖሚክስ ወይም ለሕዝብ አስተዳደር መምህራን ነው።

ስለ አንድ አዋጅ በክፍሉ ቴሌግራም ላይ ውይይት ሲከፈት የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። መምህሩ «ስለ ገቢ ግብር ማሻሻያው ያላችሁን አስተያየት ስጡ» ይላል። ሁለት ልጆች ረዘም አድርገው ይጽፋሉ፣ አምስት ስድስቱ «እኔም በሐሳቡ እስማማለሁ» ይላሉ፣ የቀረው አንብቦ ያልፋል። ከዚያ «የዘንድሮ ተማሪ ለአገር ጉዳይ ግድ የለውም» ይባላል። አልቀበለውም። እነዚሁ ልጆች ዶርም ገብተው ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ታክሲ ታሪፍ፣ ስለ ሪሚዲያል ሲከራከሩ ያመሻሉ። ቡድኑ ላይ ዝም የሚያሰኛቸው የጥያቄው አቀራረብ ነው። «ምን ታስባላችሁ» ሲባል ተማሪው የሚሰማው «ከመንግሥት ጋር ነህ ወይስ አይደለህም» ተብሎ ነው፤ ያንን ደግሞ ስሙና ፎቶው ባለበት ቦታ መጻፍ አይፈልግም።

በእኔ እምነት የሚሠራው አንድ ውይይት፣ አንድ አንቀጽ፣ አንድ ውሳኔ ነው። አዋጁን በሙሉ አታቅርቡ። አንዱን ንዑስ አንቀጽ ምረጡና «እንዳለ ይቆይ፣ ይሻሻል ወይስ ይሰረዝ? ከተሻሻለ በምን ቃል?» ብላችሁ ጠይቁ።

60 ተማሪ ላለው ክፍል አሠራሩ ይህን ይመስላል። በቡድኑ ቅንብር ውስጥ «ቶፒክስ» የሚለውን አብሩና ስድስት ንዑስ ክፍል ክፈቱ፣ በየአንዳንዱ አሥር ልጅ። ከአሥሩ ሦስቱ አንቀጹን እንዳለ ይከላከላሉ፣ ሦስቱ ማሻሻያ ያቀርባሉ፣ ሦስቱ አንቀጹ የሚነካውን ሰው ወክለው ይናገራሉ፣ አንዱ ጸሐፊ ነው። ቁጥሩን ወደ 15 ከፍ ካደረጋችሁት መልእክቱ ይከመርና ዘግይቶ የገባው «ተብሏል» ብሎ ይወጣል። ከስድስት በታች ከሆነ ደግሞ ሁለት ልጅ የቀረ ቀን ውይይቱ ይሞታል።

ጥያቄው ሰኞ ማታ ይለጠፋል። እስከ ረቡዕ ማታ እያንዳንዱ ከ80 እስከ 120 ቃል የሆነ የመጀመሪያ ጽሑፍ ያስገባል፣ የንዑስ አንቀጹን ቁጥር ጠቅሶ። ሐሙስና ዓርብ ለሁለት ሰው መልስ ይሰጣል፤ ከሁለቱ አንዱ የግድ ከሌላ ወገን የሆነ ሰው። ቅዳሜ ጸሐፊው በግማሽ ገጽ ያጠቃልላል። ጊዜውን ከአንድ ሳምንት በላይ አታርዝሙ፤ በሁለተኛው ሳምንት ማንም አይመለስበትም።

ከዚህ የተለየ የምትሠሩ ካላችሁ ጨምሩበት።

ነጋሪት

መምህር ሰሌዳ፣ «አንድ አንቀጽ» ያሉት ላይ እስማማለሁ። ሰው የሚሳሳተው ግን አንቀጹን ሲያቀርብ ነው። ብዙው መምህር የነጋሪት ጋዜጣውን ፒዲኤፍ ቡድኑ ላይ ይለቅና «አንብባችሁ ኑ» ይላል። ፋይሉ ብዙውን ጊዜ ስካን የተደረገ ነው። ይከብዳል፣ ቃል አይፈለግበትም፣ ኮፒ አይደረግም፣ በትንሽ ስልክ ላይ ሁለቱ ዓምድ ጎን ለጎን ሆኖ ፊደሉ አይታይም። ፓኬጅ ቆጥቦ የሚጠቀም ልጅ አያወርደውም፤ ያወረደውም አይከፍተውም።

አንቀጹን ራሳችሁ በጽሑፍ ተይቡና እንደ መልእክት ለጥፉ፣ ከላይ ፒን አድርጉት። ከ150 ቃል አይብለጥ። ሥሩ ላይ የአዋጁን ቁጥርና ዓመት፣ በአንቀጹ ውስጥ ላሉ ሁለት ሦስት ቃላት ደግሞ ከትርጓሜው አንቀጽ የተወሰደ ፍቺ ጨምሩ። ይህ ካልተጨመረ «አከራይ» ማለት ማን ነው በሚል ብቻ ሁለት ቀን ይባክናል።

ኮርሱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ልጆቹ የእንግሊዝኛውን ዓምድ ይዘው የሚከራከሩበት ጊዜ አለ። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3/1987 በሁለቱ መካከል ልዩነት ሲኖር የአማርኛው የበላይ መሆኑን ይደነግጋል። ይህን ከመጀመሪያው ንገሯቸው። አማርኛ ማንበብ የሚከብደው ልጅ ቡድኑ ውስጥ ካለ ሁለቱንም ጎን ለጎን ለጥፉለት፣ በፈለገው ቋንቋ ይጻፍ፤ ከአሥሩ ውስጥ አንድ የሚተረጉም አይጠፋም።

ለመጀመሪያ ውይይት የምመርጠው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል፤ የውሉ ዝቅተኛ ዘመን ሁለት ዓመት ነው፤ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ጥያቄው እንዲህ ይሁን፦ «የሁለት ዓመቱ ዝቅተኛ ዘመን አሥር ወር ብቻ ቤት ለሚፈልግ ተማሪ ይጠቅመዋል ወይስ በር ይዘጋበታል? ንዑስ አንቀጹን እንዴት ትጽፉት ነበር?» ግቢ ውጭ የሚኖሩት ወዲያው ይገባሉ፤ ቤተሰቡ ሰርቪስ ቤት የሚያከራይ ልጅ ደግሞ ከሌላው ጎን ይመጣል።

ስሌት

የኪራዩ ጥሩ ነው፤ ግን ቁጥር የሌለበት የፖሊሲ ውይይት ሁለተኛው ቀን ላይ ወደ ስብከት ይዞራል። ሰሌዳ የጠቀሱትን የገቢ ግብር ልውሰድና በቁጥር ላሳይ፤ እንዳለ ኮፒ አድርጋችሁ መጠቀም ትችላላችሁ።

በአዋጅ 979/2008 ከግብር ነፃ የነበረው የወር ደመወዝ እስከ 600 ብር ነበር፤ በማሻሻያ አዋጅ 1395/2017 እስከ 2,000 ብር ሆነ። 35 በመቶው ከ10,900 በላይ ይጀምር ነበር፣ አሁን ከ14,000 በላይ ነው። አዲሱ መሰላል፦ እስከ 2,000 ዜሮ፣ ቀጥሎ እስከ 4,000 በ15 በመቶ፣ እስከ 7,000 በ20፣ እስከ 10,000 በ25፣ እስከ 14,000 በ30፣ ከዚያ በላይ በ35።

ለቡድኑ ሦስት ደመወዝተኛ ስጡ፤ 5,000፣ 10,000 እና 20,000 ብር የሚከፈላቸው። ጡረታውን ለጊዜው አትንኩ። ልጆቹ የድሮውንና የአዲሱን ግብር ያስሉ። መልሱ ይህ ነው፦

5,000 ብር፦ ድሮ 697.50፣ አሁን 500። ልዩነት 197.50።
10,000 ብር፦ ድሮ 2,045፣ አሁን 1,650። ልዩነት 395።
20,000 ብር፦ ድሮ 5,500፣ አሁን 4,950። ልዩነት 550።

ከክፍሉ ብዙው መጀመሪያ ላይ ለ10,000 ብር 2,500 ይላል፤ ደመወዙን በሙሉ በ25 በመቶ አባዝቶ። እዚህ ላይ ቆሙ። ግብሩ በየእርከኑ እንደሚቆረጥ፣ 25 በመቶው የሚያርፈው ከ7,000 በላይ ባለችው 3,000 ብር ላይ ብቻ እንደሆነ ሳይገባቸው ክርክር አትክፈቱ። ያለዚያ «ደመወዝ ሲጨምር እጅ ላይ የሚቀረው ይቀንሳል» የሚለው የተለመደ ስህተት ውይይቱን ይበላዋል።

ስሌቱ ከተስተካከለ በኋላ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ማሻሻያው ይበልጥ የጠቀመው ማንን ነው?»

በብር ያሰላ ልጅ 20,000 የሚከፈለውን ይላል፣ 550 ብር ቀርቶለታልና። ድሮ ከሚከፍለው ግብር ምን ያህሉ ቀረለት ብሎ ያሰላ 5,000 ብር የሚከፈለውን ይላል፤ የእሱ 28 በመቶ ሲቀንስ የባለ 20,000ው 10 በመቶ ብቻ ነው። ከደመወዙ አንፃር ያየ ሦስተኛ ልጅ ደግሞ የ5,000ውና የ10,000ው እኩል 3.95 በመቶ፣ የ20,000ው 2.75 በመቶ ሆኖ ያገኘዋል። ሦስቱም ልክ ናቸው። መምህሩ በዚህ ጊዜ ዝም ይበል። ልጆቹ ራሳቸው «እንግዲህ ሕግ በየትኛው መለኪያ ይመዘን?» የሚለው ላይ ይደርሳሉ፤ የፖሊሲ ክርክር የሚባለው ያ ነው።

የበረታ ቡድን ከሆነ አራተኛ ሰው ጨምሩ፦ 2,000 ብር የሚከፈላት የጽዳት ሠራተኛ። ድሮ 157.50 ትከፍል ነበር፣ አሁን ምንም። ከደመወዟ ወደ 7.9 በመቶ ማለት ነው፣ ከሁሉም ይበልጣል። እሷ ስትገባ አቋሙን የሚቀይር ልጅ ይኖራል፤ «ለምን ቀየርክ» ብላችሁ በጽሑፍ አስመልሱት። በሌላ በኩል «ከ2008 እስከ 2017 ዋጋው ስንት ጊዜ ጨመረ፣ 600 ብር ያኔ የሚገዛውን 2,000 ብር ዛሬ ይገዛል ወይ?» የሚል ልጅ ከተነሳ አትከልክሉት፤ የጤፍና የዘይት ዋጋ ከቤተሰቡ ጠይቆ እንዲያመጣ አድርጉ።

የማታ ክፍል

መምህር ስሌት፣ እጅዎ ይባረክ፣ ይህንን ወስጄዋለሁ። ሰሌዳ ያሉት የጊዜ ሰሌዳ ግን ለኤክስቴንሽን ተማሪ አይሆንም። ቀን ሥራ የሚውል ሰው ሰኞና ረቡዕ ማታ ክፍል ይገባል፤ የሚጽፈው ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ነው። ለማታና ለርቀት ተማሪ ጥያቄው ዓርብ ይለጠፍ፣ የመጀመሪያው ጽሑፍ እሑድ ማታ፣ መልሱ እስከ ሐሙስ።

ነጥብን በሚመለከት፣ አስገዳጅ ሲሆን የሚገኘው ባዶ ጽሑፍ ነው። «በመጀመሪያ ለዚህ ዕድል አመሰግናለሁ» ተብሎ ይጀመርና 120 ቃል እስኪሞላ ይሄዳል። አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ አለ፤ ስድስት ልጅ አንድ ዓይነት መግቢያ፣ አንድ ዓይነት «በአንድ በኩል፣ በሌላ በኩል» ይዞ ይመጣል። ነጥብ ሳይኖር በፍላጎት ቢሆን አይሻልም ወይ?

ሰሌዳ

የጊዜውን ተቀብያለሁ፣ ልክ ነዎት።

በነጥቡ ግን ልለይ። ነጥብ ከሌለ የሚጽፉት ሁልጊዜም በክፍል እጅ የሚያወጡት ልጆች ብቻ ይሆናሉ፤ ከኋላ የሚቀመጠው በቴሌግራምም ከኋላ ይቀራል። ከ100 አሥር ነጥብ በቂ ነው። አራቱ ለመጀመሪያው ጽሑፍ፣ አራቱ ለሁለቱ መልስ፣ ሁለቱ ለመጨረሻዋ አንድ አንቀጽ፣ «ከውይይቱ በኋላ የትኛውን ሐሳቤን አስተካከልኩ ወይም ለምን አላስተካከልኩም» ለምትለው። ለአቋም ነጥብ የለም፤ ይህን ጽፋችሁ ፒን አድርጉት፣ ተማሪው ካላየው አያምንም።

ባዶውን ጽሑፍ የሚያስቀረው የምትጠይቁት ነገር ነው። ሦስት ነገር የሌለበት ጽሑፍ ከአራት ሁለት በላይ አያገኝም በሉ፦ የንዑስ አንቀጹ ቁጥር፣ አንድ በራሱ ያሰላው ወይም ጠይቆ ያመጣው ቁጥር፣ እና በእሱ ሐሳብ የሚጎዳ አንድ ሰው ማን እንደሆነ። የሰፈሩ ደላላ ስንት ወር ቅድሚያ እንደሚያስከፍል ማሽኑ አያውቅም። ተማሪው ሄዶ መጠየቅ አለበት።

የሎጂክ መምህርት

ስለ ደኅንነት ማንም አላነሳም፤ ከሁሉ በፊት የሚመጣው እሱ ነው።

መጀመሪያ ስልክ ቁጥር። ቡድኑ ከመከፈቱ በፊት ተማሪዎቹ ቅንብር ውስጥ ገብተው የስልክ ቁጥራቸውን ማንም እንዳያይ ያድርጉ፤ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፣ ክፍል ውስጥ አብራችሁ አሠሯቸው። ሴቶች ተማሪዎች ቡድን ላይ የማይጽፉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ አንድ ጊዜ ሐሳብ ከሰጡ በኋላ ከማያውቁት ሰው ኢንቦክስ ይጥለቀለቃሉ። ቡድኑ ዝግ ይሁን፣ የመግቢያ ሊንኩ በአድሚን ፈቃድ ብቻ የሚያስገባ ይሁን፣ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ይዘጋ። «ውይይትን ወደ ውጭ ፎርዋርድ ማድረግ ክልክል ነው» የሚለውን በጽሑፍ አስቀምጡ፤ ቴሌግራም ላይ ይዘትን መገደብ የሚል ምርጫም አለ፣ ፎርዋርድንና ኮፒን ይከለክላል። ስክሪኑን በሌላ ስልክ ፎቶ ከማንሳት ግን የሚያግድ የለም፣ ስለዚህ በሱ ብቻ አትተማመኑ።

ሁለተኛ፣ ሰሌዳ ያነሱትን የወገን ድልድል አጥብቃችሁ ያዙት። ተማሪው ጽሑፉን [አከራይ]፣ [ተከራይ]፣ [ወረዳ ጽ/ቤት] ብሎ ይጀምር። ያ ምልክት ሲኖር የሚናገረው በተሰጠው ወገን ስለሆነ ማንም «አንተ እኮ እንዲህ ብለሃል» ሊለው አይችልም። ወገኑን በፈቃድ አታስመርጡ፣ በዕጣ ይሁን። በፈቃድ ሲሆን ሁሉም ተከራይ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ነገሩ ወደ ብሔር ወይም ሃይማኖት ሲዞር። ይዞራል፤ በተለይ ርዕሱ መሬት ወይም ቋንቋ ከሆነ። መልእክቱን ወዲያው አጥፍቶ ዝም ማለት አይበጅም፤ ያዩት ሰዎች ምን እንደተባለ እያጋነኑ ያወራሉ። የምሠራበት ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ያንን ቶፒክ ለጊዜው ዝጉ፤ ለጻፈው ልጅ በውስጥ መስመር «ይህን ሐሳብ ስለ ሰዎቹ ሳይሆን ስለ አንቀጹ አድርገህ ጻፈው» በሉት፤ መልእክቱን ራሱ ያስተካክል ወይም ያንሳ፤ ከዚያ ቶፒኩን ክፈቱና ለሁሉም በአንድ መስመር ምን እንደተደረገ ተናገሩ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭት መከላከያና መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ምን እንደሚከለክል በመጀመሪያው ቀን አንብቡላቸው። ለትምህርትና ለምርምር የሚደረግ ንግግርን በልዩ ሁኔታ እንደሚያይም ጭምር ንገሯቸው። ክልከላውን ብቻ የሰማ ተማሪ ጭራሹኑ አይጽፍም።

ጠመኔ

የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ፣ 11ኛ ክፍል ዜግነት ትምህርት። ይህ ሁሉ ለዩኒቨርሲቲ ያምራል። እኛ ጋር ከ55 ተማሪ ስማርት ስልክ ያለው ሲሶው ቢሆን ነው፣ ትምህርት ቤት ይዞ መግባትም ክልክል ነው። ምን ትመክሩናላችሁ?

ነጋሪት

መምህር ጠመኔ፣ አምስት አምስት አድርገው ይመድቧቸውና በየቡድኑ ቢያንስ አንድ ስልክ ቤቱ ያለው ልጅ ይኑር። አምስቱም ጽሑፋቸውን በደብተር ወረቀት ላይ በክፍል ይጽፋሉ፤ ባለ ስልኩ ማታ የአምስቱን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ወይም ተይቦ ይለጥፋል፣ በየጽሑፉ ላይ የጸሐፊውን ስም አድርጎ። በማግስቱ የሌላ ቡድን ሁለት ጽሑፍ በወረቀት ገልብጦ ያመጣላቸዋል፣ መልሱ እንደገና በክፍል ይጻፋል። ዙሩ አራት ቀን ይፈጃል። ባለ ስልኩ ልጅ የሌሎቹን ሐሳብ «እያሳመረ» እንዳይቀይር ተቆጣጠሩ፤ ወረቀቶቹን ሰብስባችሁ አንድ ሁለቱን ከተለጠፈው ጋር አመሳክሩ። ሥራው የጉልበት ስለሆነ ባለ ስልኩ ልጅ ጸሐፊ ተብሎ ነጥብ ይያዝለት። «አንድ ለአምስት» የሚለውን ስም ግን ባትጠቀሙ እመክራለሁ፤ ልጆቹ የፖለቲካ አደረጃጀት ይመስላቸዋል።

ርዕሱን ደግሞ ከእነሱ ቅርብ አድርጉት። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስዶ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። «ፈተናው በዩኒቨርሲቲ መሰጠቱ ይቀጥል ወይስ በየትምህርት ቤቱ ይሁን? ኩረጃውን፣ የመጓጓዣ ወጪውንና የተማሪውን ድካም እንዴት ታመዛዝናላችሁ?» በሉ። ከቀጣዩ ዓመት ፈተናቸው ጋር ስለሚያያዝ ማንም ዳር አይቆምም።

ስሌት

ስለ ድምፅ መስጫው አንድ ነገር ልጨምር። ሰኞ ማታ ጥያቄው ሲለጠፍ በቴሌግራም ፖል አንድ ድምፅ አስሰጡ፣ ቅዳሜ ደግሞ ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቃል ድገሙት። ፖሉ የድምፅ ሰጪውን ስም የማያሳይ ይሁን። ከተለጠፈ በኋላ አይታረምም፣ ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት አማራጮቹን ለሌላ ሰው አስነብቡ፤ «እንዳለ ይቆይ / ይሻሻል / ይሰረዝ / መረጃ ያንሰኛል» ይበቃል። አራተኛውን አትተዉት። በመጀመሪያው ቀን ብዙው የሚመርጠው እሱን ነው፣ ቅዳሜ የስንቱ ድምፅ ከእሱ እንደወጣ ማየት ውይይቱ ሠርቶ እንደሆነ ያሳያችኋል።

ስሎው ሞድን፣ ማለትም አንድ ሰው ከአንድ መልእክት በኋላ ቀጣዩን ለመላክ እንዲጠብቅ የሚያደርገውን ቅንብር፣ በ15 ደቂቃ አድርጉት። በአጭር አጭር መልስ የሚጣሉ ሁለት ልጆች ቶፒኩን እንዳይይዙት ይረዳል፤ አንድ ሰዓት ካደረጋችሁት ግን አንድ አጭር መልስ ለመጨመር እንኳ ስለሚጠብቁ ይሰለቻሉ። ድምፅ መልእክት የሚፈቀደው ለመጀመሪያው ጽሑፍ ሳይሆን ለመልስ ብቻ ይሁን፣ ከአንድ ደቂቃ ያልበለጠ። ድምፅ አይፈለግም፣ አይጠቀስም፤ ጸሐፊው ቅዳሜ ዕለት 40 ድምፅ አይሰማም። ማየት የተሳነው ወይም መተየብ የሚከብደው ተማሪ ካለ ለእሱ ገደቡን አንሱ።

የማታ ክፍል

ሰሌዳን ልጠይቅ፦ መምህሩ በውይይቱ መካከል ስንት ጊዜ ይግባ? አንዳንዱ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ «ጎበዝ» ይላል፣ አንዳንዱ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል።

ሰሌዳ

በአንድ ቶፒክ በቀን አንዴ፣ ያውም በጥያቄ። «ጎበዝ» የተባለው ልጅ ጽሑፍ የመምህሩ መልስ ሆኖ ይወሰዳልና ከዚያ በኋላ የሚጽፈው ሁሉ እሱን ይደግማል። የምትጠይቁት የጎደለውን ነው፦ «ይህ ማሻሻያ ሥራ ላይ ሲውል መዝጋቢው ማን ነው? ስንት ሠራተኛ ይፈልጋል?» ወይም «አከራዩ ባይመዘግብ ተከራዩ ምን ያደርጋል?»። የሐቅ ስህተት ሲታይ ግን አትጠብቁ፤ የተሳሳተው የአዋጅ ቁጥር በሁለት ሰዓት ውስጥ በአሥር ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል። አርሙት፣ እርማቱን ፒን አድርጉት፣ የልጁን ስም አታንሱ።

የሎጂክ መምህርት

ተማሪዎቹ ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፦ «ጽፈን ጽፈን የት ይደርሳል?» መልስ ይገባቸዋል። የወጣ አዋጅ ላይ ከተወያያችሁ የሚደርሰው እስከ ክፍሉ ነው፣ ይህን አትሸፍኑት። ለዚህ ነው በሴሚስተሩ ቢያንስ አንዱን ውይይት ገና ረቂቅ በሆነ ነገር ላይ አድርጉ የምለው። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል ተቋማት መመሪያ ከማውጣታቸው በፊት ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችን ድረ ገጽና የቴሌግራም ቻናል ስትከታተሉ ረቂቅ መመሪያ ታገኛላችሁ። የአስተያየት መስጫው ጊዜ አጭር ስለሆነ ረቂቁ በወጣ ሳምንት ውይይቱን ክፈቱ፤ የሴሚስተሩን ዕቅድ ስትጽፉ ለዚህ አንድ ሳምንት ክፍት ተዉ።

ስድስቱ ጸሐፊዎች ቅዳሜ ማጠቃለያቸውን ካስገቡ በኋላ እሑድ ተሰብስበው ከአንድ ገጽ ያልበለጠ አስተያየት ያዘጋጃሉ። አጻጻፉ ቀላል ነው፦ የረቂቁ አንቀጽ ቁጥር፣ ያለው ቃል፣ እንዲተካ የምንጠይቀው ቃል፣ ምክንያቱ በሦስት መስመር። በአቋም የተለዩ ካሉ «ከተወያዮቹ ጥቂቱ ግን» ተብሎ የእነሱም ይገባል። የተማሪዎቹ ስም የሚሰፍረው በየግላቸው ከፈቀዱ ብቻ ነው፤ ካልሆነ «የእገሌ ኮርስ ተማሪዎች» ይበቃል። ለመዝገብ ክፍል በአካል የሚያስገባ ልጅ ከተገኘ ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተምና ቁጥር አስመትቶ ይመለስ፣ ፎቶውን ቡድኑ ላይ ይለጥፍ።

ጠመኔ

የእናንተን ምክር ይዤ የፈተናውን ርዕስ ለአምስት አምስት ልጆች አዘጋጅቻለሁ። የወረቀቱን ፎርም ማየት የሚፈልግ ካለ፦ ከላይ ወገን፣ የአንቀጹ ወይም የውሳኔው ቃል፣ «እስማማለሁ/አልስማማም ምክንያቱም»፣ «ያገኘሁት ቁጥር፣ ከማን እንደጠየቅሁ»፣ «በእኔ ሐሳብ የሚጎዳው ሰው»፣ ከታች ለመልስ ሁለት ባዶ ሳጥን። በግማሽ ኤ4 ይወጣል፣ አንድ ወረቀት ለሁለት ልጅ ይሆናል።

ነጋሪት

መምህር ጠመኔ፣ «ከማን እንደጠየቅሁ» በሚለው ቦታ ስም ሳይሆን ሥራ ይጻፍበት፤ «ጎረቤት ነጋዴ»፣ «የወፍጮ ቤት ሠራተኛ» እንደማለት። ወረቀቱ ፎቶ ተነሥቶ ቡድን ላይ ስለሚወጣ የጎረቤቱ ስም እዚያ መታየት የለበትም።